«ምርጫው ተወሰነ» ወይስ «አሸናፊው ተለየ»?

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው የምጽፍልዎ። ስለ አሜሪካ ምርጫ በሚቀርብ ዜና «ምርጫው ተወሰነ» ሲባል እሰማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ «ለየለት» ይላል። የቱ ነው ትክክል? ፕሬዚዳንት «ተመረጠ» የሚባለውስ መቼ ነው?

መልስ፦ «ተወሰነ» እዚህ ቦታው አይደለም። ሲሰሙት «ማን ወሰነ? ምን ተብሎ?» ያሰኛል። «ምርጫው በግንቦት እንዲካሄድ ተወሰነ» ቢባል ግን ምንም አይጎድለውም። ለውጤት የራሳችን ቃል አለን፤ «አሸናፊው ተለየ»። ኳስ ተመልካች ሁሉ «መለያ ምት» ይል የለ? ያው ግስ ነው። «ለየለት» ለወሬ ያስኬዳል፤ ለሰው ሲሆን ግን ይከፋል፤ «እሱማ ለየለት» ማለት አበደ ማለት ነው፣ «የለየለት ሌባ»ም አለ። ስለዚህ ከዕጩ ስም ጎን አይጻፍ።

«ተመረጠ» መቼ እንደሚባል በ2020ው (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ምርጫ እንየው። ድምፅ የተሰጠው ኖቬምበር 3 ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ትክክለኛው ቃል «እየመሩ ነው» ነበር። ኖቬምበር 7 መገናኛ ብዙኃን ጆ ባይደን ከ538ቱ ወኪል መራጮች (በየክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ስም ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ሰዎች) ለማሸነፍ የሚበቃውን ቢያንስ 270ውን እንደሚያገኙ አስልተው ተናገሩ። ይህ የመንግሥት አዋጅ ስላልሆነ «ማሸነፋቸው ተዘገበ» እንጂ «ታወጀ» አይባልም። ወኪል መራጮቹ ድምፃቸውን የሰጡት ዲሴምበር 14 ነው፤ 306 ለ232። ጥብቅ በሆነው ትርጉሙ «ተመረጡ» የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ኮንግረስ ቆጠራውን ጃንዋሪ 6 ጀምሮ በማግስቱ ንጋት ላይ ሲጨርስ «ውጤቱ ጸደቀ»፣ ጃንዋሪ 20 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ «ፕሬዚዳንት ሆኑ»።

እኛ «ተመረጠ»ንና «ሆነ»ን የምናቀላቅለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በእኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመርጠው በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ሁለቱ ግሶች አንድ ቀን ላይ ሲውሉ ጆሯችን ልዩነቱን አይለምደውም።

ከ«ታወጀ» ጋርም ጥንቃቄ ያሻል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን ኡሁሩ ኬንያታ ማሸነፋቸውን ኦገስት 11 አወጀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሴፕቴምበር 1 ምርጫውን ሻረው። አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ሳያልፍ «ማሸነፋቸው ታወጀ» ይበሉ፤ «ተረጋገጠ»ን ለፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይተዉለት።