«ሽሩድ» ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት ግዢ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃችን የውጭ አገር ሰው ነው። ዘንድሮ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላልኝ «ሽሩድ» ናት ብሎ ጻፈ። ስልኬ ላይ ፍቺውን ብፈልግ «ብልጥ፣ ተንኮለኛ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አልበላ ብሎኛል። እኔ ከሻጭ አምስት ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም! ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል? እግረ መንገድዎን ዋይዝ፣ ፕሩደንትና ሴንሲብል የሚባሉትንም ቢለዩልኝ።
የግዢ ሠራተኛዋ፣ ከስታዲየም

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ምሳሽን ብዪ። ተመስግነሻል።

በመደንገጥሽ ግን አልፈርድብሽም። የቃሉ የኋላ ታሪክ አያኮራም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ሽሩድ የሚባለው ክፉ፣ መሰሪ ሰው ነበር። ሽሩ ከምትባል አይጥ መሳይ፣ አፈ ሹል እንስሳ ስም ጋር ይዛመዳል። የድሮ ሰዎች ንክሻዋ መርዝ ነው ይሉ ነበር። ከዘመን ብዛት ክፋቱ ከቃሉ ላይ ረገፈና ስለቱ ብቻ ቀረ። ዛሬ ሽሩድ የሚባለው ዋጋ ሲነግሩት ከዋጋው ጀርባ ያለውን የሚያነብ ሰው ነው። ለነጋዴ ይባላል፣ ለፖለቲከኛ ይባላል፣ ለግዢ ሠራተኛም ይባላል። ለመነኩሴ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ያስደነገጠሽ አማርኛው ነው። እኛ ብልህንና ብልጥን በአጥር ለይተናል። ብልህ ስንል እንመርቃለን፤ ብልጥ ስንል ኪሳችንን እንዳብሳለን። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ብለንም ተርተናል። ልብ ካልሽ፣ የሁለቱም አእምሮ ስለታም ነው። የምንለያቸው «ለማን ብሎ ነው?» እያልን ነው። ለራሱ ብቻ ካሰበ ብልጥ፣ ማንንም ሳይጎዳ ከተወጣው ብልህ። እንግሊዝኛው ሽሩድ ላይ ሲደርስ ይህን ጥያቄ ይተወዋል። ሰውየው ማየቱን ብቻ ያደንቅለታል። ለማን እንዳየ ከዓረፍተ ነገሩ ፈልገሽ ማግኘት ያንቺ ፋንታ ነው። ስልክሽም ከሁለቱ ፊት ጥቁሩን መርጦ ሰጠሽ።

እንግሊዞቹም ራሳቸው እዚህ ቃል ላይ ሲያመነቱ ኖረዋል። «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» የሚለውን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው ኪንግ ጄምስ የሚባለው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ዋይዝ» ይላል። ኋላ የመጣው ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን ደግሞ «ሽሩድ» አለው። ግሪኩ ሥር ያለው ቃል ፍሮኒሞስ ነው። ይኸው የግሪክ ቃል ዘይት በያዙት በአምስቱ ቆነጃጅት ላይ ሲመጣ ግን፣ አዲሱም ትርጉም ወደ «ዋይዝ» ይመለሳል። ለእባብ ሽሩድ፣ ለቆነጃጅት ዋይዝ! የእኛዎቹ ሁለቱንም ልባም ብለው ተገላገሉ። ልባም እንዴት ያለ ግሩም ቃል ነው። አሁን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወጥቶ ሲነገር እምብዛም አልሰማውም።

ዋይዝ ዕድሜ ይወዳል። አንድ ውሳኔ ዋይዝ ሊባል ይችላል፤ ሰውን ዋይዝ ለማለት ግን ብዙ ክረምት ማለፍ አለበት። አንድ ማስታወቂያ አይተሽ በርካሽ ወረቀት ስለገዛሽ ማንም ዋይዝ አይልሽም።

ፕሩደንት ዓይኑ ነገ ላይ ነው፣ በተለይ ነገ ሊመጣ በሚችል ጉዳት ላይ። ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ቀድሞ ማየት» ነው። «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ላይ የታጣው ይህ ጠባይ ነው። ባንኮች እንዳይወድቁ የሚደረገውን ቁጥጥርም «ፕሩደንሻል» የሚሉት ለዚሁ ነው። ባንቺ ሥራ ላስረዳሽ። ሦስት ፕሮፎርማ ሳትሰበስቢ አለመግዛትሽ ፕሩደንት ያሰኝሻል። ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ ሰው እጅ እንደወጡ ከፊደል ስህተታቸው መንቃትሽ ደግሞ ሽሩድ።

ሴንሲብል ዝቅ ያለ፣ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። እንግሊዞች «ሴንሲብል ጫማ» ይላሉ። ሐምሌ ላይ ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል በእግሩ የሚወርድ ሰው ሊያደርገው የሚገባው፣ ተረከዙ አጭር፣ የማያንሸራትተው ጫማ ማለት ነው። ቆንጆ ነው አልተባለም። ምክንያታዊ፣ ነገር የገባው፣ የማይቀብጥ። እኔ ሰው ሲመረቅ «ሴንሲብል ያድርግህ» ብል ደስ ይለኛል፤ ግን ማን አሜን ይለኛል?

በዚህ ቃል የሠራሁትን ጉድ ላውጣው። በታይፕራይተር ዘመን ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ትርጉም እሠራ ነበር። አንዲት ሞግዚት የቀድሞ አሠሪዋ የጻፉላትን የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። «አስተዋይ ናት» ይላል። ሴንሲብል ልል «ሴንሲቲቭ» ብዬ መታሁት። በጥቂት ፊደል ብዙ ነገር ይለወጣል፤ ሴንሲቲቭ ሆደ ባሻም ማለት ይሆናል። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሊቀጥሯት የነበሩት ሰዎች «ቶሎ ቶሎ ታለቅሻለሽ እንዴ?» ብለው ጠይቀዋታል። በነፃ ድጋሚ ጻፍኩላት። ቦታው ላይ ግን ሌላ ሰው ገብቶ ነበር። እስካሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ትዝ ትለኛለች።

ሳጌሸስ የሚል ቃል ብታዪ ደግሞ አትጨነቂ። ጥሩ አስተዋይ ማለት ነው፤ የላቲኑ ሥር ግን አሽትቶ ስለሚያገኝ አፍንጫ ነው፣ ድሮ ለአዳኝ ውሻም ይባል ነበር። በመጽሐፍ እንጂ በሰው አፍ ብዙ የለም።

አለቃሽንስ? «ሰደብከኝ ወይ?» አትበዪው። «የትኛውን ግዢ አስበህ ነው?» በዪው። ቅድም በምሳሌ እንዳነሳሁት የፕሮፎርማ ነገር ያለ ካነሳልሽ ነገሩ አለቀ።

ጥያቄ፦ መምህራችን የጻፍኩት ወረቀት ላይ «ጁዲሸስ ፓወር» የሚለውን በቀይ ከበበው። ጁዲሻልና ጁዲሸስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
የሕግ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው። አንተ ልትል የፈለግከው የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው፤ እሱ ጁዲሻል ነው። ሁለቱም ከላቲኑ የዳኝነት ቃል ቢወለዱም ኑሯቸው ለየብቻ ነው። ጁዲሻል ስለ ችሎት፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ መዝገብ ይናገራል። ጁዲሸስ ደግሞ መዝኖ፣ መጥኖ የሚያደርግ ማለት ነው። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለነገር አጠቃቀምም ይሆናል። እናቴ በርበሬ ስትጨምር ማንኪያ አትይዝም ነበር። በእጇ ቆንጠር አድርጋ፣ ቀና ብላ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አይታ፣ እንደገና ቆንጠር። እሱ ጁዲሸስ ነው። ፍርድ ቤት ሁሉ ጁዲሻል ነው። ጁዲሸስ ስለመሆኑ ተመርቀህ ጥብቅና ስትጀምር አንተ ትነግረኛለህ።

ጥያቄ፦ «አራዳ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ጓደኞቼ «ክሌቨር» ነው አሉኝ።
ከፒያሳ

መልስ፦ ክሌቨር ትምህርት ቤትም ይገኛል፤ አራዳ ግን ደብተር አያሻውም። የሚቀርበው «ሳቪ» ወይም «ስትሪትዋይዝ» ነው። ሳቪ ከስፓኝና ከፖርቱጋል «ያውቃል» ከሚለው ቃል ተነስቶ፣ ወደብ ለወደብ በሚነገር ቅይጥ ቋንቋ ዞሮ እንግሊዝኛ የገባ ነው። መንገድ ላይ ያደገ ቃል በለው። የእኛው አራዳ ደግሞ የሰፈር ስም ነው፤ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውር ዕቃው ተጫነ፣ ጠባዩ ግን እናንተ ዘንድ ቀረ።

ለ«ፋራ» የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ያገኘ ይጻፍልኝ። እኔ ሦስት ሞክሬ አንዱም አልጣመኝም።