«ውል የለሽም» ላሏት እህት

«ልብስ ስፌት ፋብሪካ 14 ወር ሠራሁ፤ የፈረምኩት ውል የለም። ባለፈው ሳምንት ‹ከነገ ጀምሮ አትምጪ› አሉኝ። ክፍያ ስጠይቅ ‹ውል የለሽም› ይሉኛል። ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም ስለደረሰብኝ ትንሽ ላርዝምብሽ።

እኔ በርና ቁምሳጥን የሚሠራ እንጨት ቤት ነበርኩ። ሁለት ዓመት ከምናምን። በቃል ተቀጠርኩ፣ በቃል ተባረርኩ። «ውል የለህም» ሲሉኝ አመንኳቸው፤ የእኔ ጥፋት እሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ በቃል የተደረገ ውልንም ይቀበላል። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ ዝርዝሩን ጽፎ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ መስጠት ያለበት አሠሪው ነው። እሱ ባልሰጠው ወረቀት አንቺ መብትሽን አታጪም።

ስለዚህ መሥራትሽን የሚያሳይ ነገር ሰብስቢ። ደመወዝ በባንክ ከገባልሽ ስቴትመንት አውጪ። ጡረታ ይቆረጥልሽ ከነበረ (ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11) እሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። የሥራ መታወቂያ፣ የቴሌግራም ትእዛዝ፣ ምንም አትናቂ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ቀኑ! እኔን «ሰኞ ና፣ ሒሳብህን እንሠራለን» እያሉ አምስት ወር አመላለሱኝ። ኦቨርታይሜን በደብተር እጽፍ ነበር፣ ቀንና ሰዓቱን፤ የ12 ወር ነው። ክስ ስመሠርት አንድ ወሩ ብቻ ተረፈ። ለካ ደመወዝና ኦቨርታይም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያግደዋል። ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ደግሞ ያለሽ ሦስት ወር ነው፤ እሱም አልፎኝ ነበር። የስንብትና የማስጠንቀቂያ (ቀድሞ ሳይነገር ለመባረር የሚከፈል) ክፍያውን በስድስት ወሩ ጫፍ ላይ ደረስኩበት። አንቺ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሠራሽ ማስጠንቀቂያሽ የሁለት ወር ነው።

መጀመሪያ ወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ቅን ነበረች፤ አሠሪው ግን ሁለቴ ተጠርቶ አልመጣም። ሞክሪው፣ እዛ ግን አትክረሚ። ከዛ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት። የዳኝነት፣ ማለትም የፍርድ ቤት ክፍያ፣ አይከፈልም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ የእኔ ሰባት ወር ፈጀ።

«ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ እንዳትፈርሚ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ግን ጠይቂ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው።

ምስክር ላይ ደግሞ፣ እዛው የሚሠሩ ጓደኞችሽ ቢፈሩ አትቀየሚያቸው፤ እንጀራቸው ነው። ከአንቺ በፊት የወጡትን ፈልጊ። ለእኔ የመሰከረልኝ ሥራውን የለቀቀ ዘበኛ ነው። ማታ ስወጣ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነበር፤ ሰዓቱን ከእኔ ይልቅ ያስታውሳል።