ፎከሱ መስታወት ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም እየሠራን ነው። አንዱ ትዕይንት ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የጠፋ ወንድሙን ፎቶ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ወንድምየው በበሩ ሲገባ በዚያው መስታወት ይታያል። ፎከሱን ከፎቶው ወደ እሱ ማዞር ፈለግን። አውቶ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። በእጅ መስታወቱ ላይ ስናስተካክለው ደግሞ ፎቶው ጥርት ይልና ሰውየው ይደበዝዛል። ችግሩ ከሌንሱ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሌንስህ ጤነኛ ነው። ለካሜራው ሰውየው መስታወቱ ላይ አይደለም፤ ከመስታወቱ ኋላ ነው። ሜትር አውጣና ለካ። ከካሜራው እስከ መስታወቱ 1.5 ሜትር፣ ከመስታወቱ እስከ በሩ 3 ሜትር ከሆነ፣ ፎከሱ 4.5 ሜትር ላይ ነው። ፎቶው ግን 1.5 ላይ ይቀራል።

አውቶ ፎከሱን አጥፋው፤ የልብህን አያውቅልህም። የሌንሱ ቀለበት ላይ ፕላስተር ለጥፍና ሁለቱን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ቀለበቱ ማቆሚያ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ግን ምልክቱን አትመነው። ማቆሚያ ያለው የድሮ ማኑዋል ሌንስ ተዋስ ወይም ተከራይ።

በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስፋት ያለው) እና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ ኤፍ 2.8 ላይ ሲሆን፣ ፎቶው ጋ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰውየው ጋ ግን ከአንድ ሜትር ያልፋል። ተዋናዩ ግማሽ እርምጃ ቢሳሳት አትደንግጥ። ቀዳዳውን አጥብበህ ኤፍ 8 ላይ ከሄድክ ግን፣ ፎከሱ ፎቶው ላይ እያለም ገና ከበሩ መልኩ ሊለይ ይችላል፤ ያኔ ምስጢሩ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ጀማሪ በሩ እንደተከፈተ ፎከሱን ወደዚያ ይወረውራል። እኔ አልወድም። ሰውየው ድብዝዝ እንዳለ ይግባ። የበሩ መጋረጃ ይወዛወዝ። የቶንዶሱ ድምፅ ይቋረጥ። አስተካካዩ ቀና ሲል፣ ያኔ ቀለበቱን አዙር። እሱ ራሱ ከመስታወቱ አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ፣ በመስታወቱ የሚታየው ፊቱ 2.5 ሜትር ላይ ነው። ፎከሱ ወደ ወንድምየው ሲሄድ በእሱ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ምልክት ጨምርና እዚያ ትንሽ ቆም በል። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይታይ። ከዚያ ቀጥል። ለእኔ የዚህ ሾት ሥጋው እዚህ ላይ ነው።

ከቀረጻው በፊት መስታወቱን አስወልውል። ካሜራውንም ገደድ አድርገህ ትከል፤ አለዚያ ከወንድምየው ጋር አንተም ትታያለህ።