ከማን እጅ ወጥቶ እዚህ ደረሰ?

ታሪክና አርኪኦሎጂ ለምትማሩ፣ ነገ ሙዚየም ውስጥ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆቼ፤

የቆየ ዕቃ ስታዩ መጀመሪያ አፋችሁ ላይ የሚመጣው «ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ያወጣል?» ነው። አልፈርድባችሁም። በዚህ ሙያ ላይ ያረጀሁት እኔ ግን አስቀድማችሁ እንድትጠይቁ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ከማን እጅ ወጣ፣ በማን በኩል አለፈ፣ እዚህስ እንዴት ደረሰ?

አንድ ጋሻ ልንገራችሁ። በ1535 እ.ኤ.አ. ገደማ ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ነው። ለውጊያ አይደለም፣ ለሰልፍና ለክብረ በዓል ነው። እንጨትና ጨርቅ ነው፤ ወርቅ ተቀብቷል፣ ሮማውያን የጠላት ከተማ ሲይዙ የሚያሳይ ሥዕልም አለበት። ሠዓሊው ጂሮላሞ ዳ ትሬቪዞ እንደሆነ ይታመናል። ከዘመናት በኋላ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ፣ ያ በ1914 ሳራዬቮ ላይ የተገደለው፣ ወርሶት ፕራግ አቅራቢያ ባለው በኮኖፒሽቴ ቤተ መንግሥቱ አኖረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ መንግሥቱ የቼኮዝሎቫኪያ ንብረት ሆነ። ናዚዎች አገሪቱን ከያዙ በኋላ ደግሞ፣ በ1943፣ የጀርመን ጦር የጦር ዕቃ ስብስቡን ጠራርጎ ወሰደው። ጦርነቱ አልቆ ብዙው ሲመለስ፣ ይህ ጋሻ ከጠፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

የተገኘው አሜሪካ ነው። ካርል ኦቶ ፎን ኪንቡሽ የሚባል ስመ ጥር የኒውዮርክ ሰብሳቢ በ1976 ሲሞት ስብስቡን ለፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተናዞ ነበርና ጋሻው ከዚያ ውስጥ ነበር። ሙዚየሙ ከቼክ ባለሙያዎች ጋር ለዓመታት መርምሮ በ2021 መለሰው። ማን መሰከረ መሰላችሁ? የድሮ የንብረት ዝርዝርና ጋሻው ኮኖፒሽቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት አሮጌ ፎቶ! አንድ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው በጊዜው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነበር፤ እኔን ሁሌም የሚነካኝ እሱ ነው።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ2024 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ የቀረበ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. የአፄ ቴዎድሮስን አምባ መቅደላን ሲይዝ የተዘረፈ ነው፤ «መቅደላ» የሚል ጽሑፍና አምባው የወደቀበት ቀን ተቀርጾበታል። ብዙ ሰው ድምፁን አሰማ፣ ከጨረታው ወጣ፣ በዚያው ዓመት አገሩ ገባ። ዘራፊው በኩራት የቀረጸው ጽሑፍ ምስክር ሆነበት። ምንም ያልተጻፈባቸው፣ ፎቶም ዝርዝርም የሌላቸው ስንቶቹ ግን ዛሬ በየግለሰቡ ሳሎን ይኖሩ ይሆን? ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጆች፣ ስልካችሁን ለዚህም አውሉት። የአያታችሁ ጋሻ፣ የደብሩ መስቀል፣ ብራና፣ ከበሮ፣ ምንም ይሁን ምን ባለቤቱን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱና ፊቱንም ጀርባውንም አንሱት። ቁመቱን ለኩ። የተሰበረውንና የተጠገነውን ቦታ ለብቻ አንሱ፤ ሌባ የዕቃውን ስም ይቀይራል እንጂ ዕቃውን ከሌላው የሚለየውን ስብራት በቀላሉ አይደብቀውም። ማን ሰጠ፣ መቼ ገባ የሚለውን ከሽማግሌዎቹ ጠይቃችሁ፣ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጭምር ጻፉ። አንድ ቅጂ እዚያው ይቅር፣ ሌላው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ክረምት ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ጀምሩት፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው።