ጥገኛ ተውሳክና ሬቲና፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ በቀኝ ዓይኔ እንደ ሸረሪት ድር የሚንሳፈፍ ነገር አያለሁ፣ እይታዬም ጉም ለብሷል። አያመኝም፣ አልቀላም። ከፋርማሲ ጠብታ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሬቲና (ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቆስልም አይቆረቁርም፣ ሰው የሚዘገየው በዚሁ ነው። ብዙ ምክንያት ቢኖረውም በዚህ ዓይነት ምልክት መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ሐኪሙ ብሌንዎን በጠብታ አስፍቶ ሲያይ፣ ጠርዙ የጠቆረ አሮጌ ጠባሳ ጎን አዲስ ነጭ፣ ድንበሩ የደበዘዘ ቁስል ካገኘ ቶክሶፕላዝማ መሆኑ ይለያል። የደም ምርመራው ብቻውን አይበቃም፤ ፖዘቲቭ መሆኑ ተውሳኩ አንድ ጊዜ እንደያዘዎት እንጂ ዓይንዎን ያቆሰለው እሱ መሆኑን አይናገርም። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በጣም ይቀንሳል።

ጥያቄ (እኚሁ)፦ መድኃኒቱስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ለአዋቂ 960 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለ6 ሳምንት ገደማ። እብጠቱን ለመቀነስ ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ከተወሰደ የሰውነትን መከላከያ ያፍናል፣ ተውሳኩም ሬቲናውን እየበላ ይሰፋል። በሐኪም ሳይታዘዝ የማይጀመረው ለዚህ ነው። ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ሰልፋ የማይስማማዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሽፍታ ወይም የአፍ ቁስል ከወጣ መድኃኒቱን አቁመው ያንኑ ቀን ይመለሱ። ከዳኑ በኋላም ተውሳኩ ሬቲናው ውስጥ ተኝቶ ስለሚቀር፣ ጉሙ ከተመለሰ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ (ጁጎል)፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቤታችን ድመት አለች። ላባርራት?

መልስ፦ አያባርሯት፣ እህቴ። ቶክሶፕላዝማ የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ስለሆነ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው፤ ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ካልቆየ አያስይዝም። አፈር ሲነኩ ጓንት ያድርጉ፣ ሰላጣውን በደንብ ይጠቡ። በእርግዝና ወቅት አዲስ የተያዘች እናት ለጽንሱ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ጠባሳው የልጁ ማኩላ (የሬቲናው መሐል) ላይ ከወደቀ መሐል እይታው ይጎዳል።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ኮሶም ይዞኛል። ወደ ዓይን ይወጣል?

መልስ፦ የከብት ሥጋ ኮሶ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ዓይን አይደርስም። እጩ (ገና ያላደገው ትል) ወደ ዓይን የሚገባው የአሳማው ዓይነት ነው። ጥሬ ሥጋ ግን ቶክሶፕላዝማ ያስይዛል፤ የበግና የፍየል ይብሳል። ሚጥሚጣም አረቄም አይገድለውም። ለብ ለብ ክትፎም ያው ጥሬ ነው፤ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ጥያቄ (ለገሃሬ)፦ የአራት ዓመት ልጄ በፍላሽ ፎቶ ሲነሳ አንድ ዓይኑ ነጭ ይሆናል። ቡችላ አለን።

መልስ፦ ነገ ይዘውት ይሂዱ። የቡችላ ትል (ቶክሶካራ) እንቁላል በአፈር በኩል አፍ ገብቶ ሬቲና ላይ ነጭ እብጠት ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ተመሳሳዩን ነጭነት የሚያሳይ የሬቲና ካንሰር አለ፣ መጀመሪያ መወገድ ያለበትም እሱ ነው። አልትራሳውንድ ለመለየት ይረዳል። ቡችላውን ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይስጡት።

ጥያቄ (ሸንኮር)፦ ወባስ? ክሎሮኪን ዓይን ያጠፋል ይባላል።

መልስ፦ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ ያስነሳችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለምትራባ በርሜልና ታንከር ይከደኑ። አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ በተለይ በሕፃናት፣ ሬቲናን ያነጣል፣ ያደማልም፤ ከተረፉ ይህ በአብዛኛው ይጠፋል። ለወባ የሚሰጠው የ3 ቀን ክሎሮኪን ሬቲና አይጎዳም። የሚጎዳው ለዓመታት ሲወሰድ ነው።

ጥያቄ (መጋላ)፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ብሌኔ ከሰፋ በኋላ ልሥራ?

መልስ፦ ጠብታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ብዥታው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፣ የድሬ ፀሐይም ያሳውራል። ያን ቀን አይንዱ፣ ጥቁር መነጽር ይያዙ። ድንገት ብልጭታ ካዩ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰለዎት ግን ሬቲናው ተላቆ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ይታዩ።