ማዕበሉ ከእኛ ሰማይ ነው የሚነሳው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አትላንቲክ ማዕበል ናቸው። ከተማዋ ባሕር የላትም፤ ሀሪኬን ሲነሳ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚከታተል ሰው ግን ለካ ሞልቷታል። እንግዲህ የቻልነውን እንመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? ማራኪ ግቢ የምንማር አራት ጓደኛሞች ነን። ሀሪኬን ሲፈጠር ከውቅያኖስ ጀምረን መሬት እስኪገባ እንከታተላለን። ችግራችን ሰዓት ነው። አንዱ «አሁን የወጣ ነው» ብሎ የሚያሳየን ካርታ የትናንት ሆኖ ይገኛል። ዋናው መረጃ በእኛ ሰዓት መቼ መቼ ነው የሚወጣው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሰላም ነው ልጆች። ሰዓቱስ ለእኛ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል መግለጫውን በቀን አራት ጊዜ ያወጣል። በእኛ አቆጣጠር ንጋት 12፣ ቀን 6፣ ምሽት 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ማለት ነው። ማዕበሉ ወደ የብስ ቀርቦ ማስጠንቀቂያ ከታወጀ ደግሞ በመሃል በ3 እና በ9 ሰዓት አጫጭር ተጨማሪ መግለጫ ይመጣል። አሜሪካኖቹ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱም የእኛው አይነቃነቅም፤ መግለጫው የሚወጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነዋ።

ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት የካርታውን ጥግ እዩ። እዚያ «ዜድ» የሚል ፊደል ያለበት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ዜድ ማለት ያው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእሱ ላይ 3 ቀንሱ፣ በቀጥታ የሀገራችን ሰዓት ይመጣላችኋል። 9 ዜድ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ 15 ዜድ ምሽት 12። 21 ዜድ ሲሆን 18 ይመጣል፤ 12 አውጡለት፣ ሌሊት 6 ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሪቢያን ላይ ፀሐይ የምትወጣው እኛ ምሳ በልተን ቡና ሲቀርብ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በዓይን እንደሚታይ ሆኖ የሚመጣውን የሳተላይት ምስል ከዚያ ጀምሮ እስከ ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደመናውን ሙቀት በቀለም የሚያሳየው ነው። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይና ጥቁር ሆኖ የሚታየው ቦታ በጣም ከፍ ብሎ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ነው። ቀዩን ሙቀት ነው እያለ የሚያስረዳችሁ ካለ አትስሙት።

ጥያቄ፦ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ማዕበሉ ገና አፍሪካ አጠገብ እያለ «በ10 ቀን ኒውዮርክ ይገባል» ብሎ ምስል ያሳየኛል። በማግስቱ ደግሞ «ፍሎሪዳ ሆነ»። ሲሳሳት «ሞዴሉ ነው» ይላል። ማንን ልመን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጓደኛህን ውደደው፣ ምስሉን ግን እለፈው። ሞዴል ማለት የአየር ሁኔታን አስልቶ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የአሜሪካው ጂኤፍኤስ የሚባለው በቀን አራት ጊዜ ይሰላል፤ እስከ 16 ቀን ድረስም ይተነብያል። እንግዲህ በቀን አራት አዲስ ታሪክ ይወጣል ማለት ነው፣ ከአራቱ አስፈሪውን መርጦ የሚያሳይ ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም። አውሮፓውያኑም የራሳቸው ሞዴል አላቸው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሞዴል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እያለዋወጠ ደጋግሞ ይሰላል፤ ካርታ ላይ እንደ ስፓጌቲ የተዘረገፉት መስመሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከሄዱ ደህና ምልክት ነው። ከተበታተኑ ግን አንዱን መስመር መዝዞ «በዚህ ይሄዳል» ማለት ሎተሪ መቁረጥ ነው።

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ማዕበል መከታተል ማለት የተለካውን ከተገመተው መለየት ነው፣ ሌላው ሁሉ ማሟሻ ነው። የተለካውን ደግሞ የሚያመጡት ሰዎች አሉ። ሚሲሲፒ ቢሎክሲ አጠገብ ካለ የጦር ሰፈር የሚነሱ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ማዕበሉን ሰንጥቀው እስከ ዓይኑ፣ ማለትም መሃሉ ላይ እስካለው ጸጥ ያለ ቦታ ድረስ ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚበሩት በ3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደባርቅ ከፍታ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ላይ ሆነው ድሮፕሶንድ የምትባል ቀጭን ቱቦ በፓራሹት ይለቃሉ። እሷም ባሕሩ ላይ እስክትደርስ የአየር ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን እየለካች በሬዲዮ ትልካለች። አውሮፕላኑ ዓይኑን ባቋረጠ ቁጥር አዲስ የግፊት ቁጥር ይወጣል፤ ልምድ ያላቸው ተከታታዮች ሌሊት ቡና ይዘው የሚጠብቁት ይህችን ቁጥር ነው። ግፊቱ ከባለፈው ከወረደ ማዕበሉ እየበረታ ነው። ቀላል ነው። ጓደኛህን «ይህ የተለካ ነው የተገመተ?» በለው፤ ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ፍሎሪዳ ታምፓ ነው የምትኖረው። ማዕበል በመጣ ቁጥር ስልክ ይዤ አድራለሁ። ካርታው ላይ ያ ነጩ ሾጣጣ ከተማዋን ከነካ ሆዴ ይባባል፣ ካልነካ ደግሞ እተኛለሁ። ልክ ነኝ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን እህታችን። ስጋትሽ ይገባናል፤ ሾጣጣው ግን የምታስቢውን አይደለም የሚያሳየው። የሚናገረው የማዕበሉ መሃል ነጥብ በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው፣ እሱም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ነው ውስጡ የሚቆየው። ስፋቱን አያሳይም፣ ጎርፉን አያሳይም፣ ነፋሱ ምን ያህል ርቆ እንደሚደርስም አያሳይም።

ከራሷ ከታምፓ ምሳሌ ልስጥሽ። በ2017 ዓ.ም. ሄሊን የተባለችው ሀሪኬን ደመራ ተለኩሶ ባደረበት ሌሊት በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ባሕር ላይ ሽቅብ ተጓዘች፤ መሬት የገባችው እኛ ጋ የመስቀል ዕለት ንጋት 12 ሰዓት ሲል፣ ከታምፓ ብዙ ርቆ በስተሰሜን ነው። መሃሉ ታምፓን አልነካም። የገፋችው ባሕር ግን የታምፓ ወሽመጥን ዳርቻ ቤቶች አጥለቀለቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚልተን መጣ፣ ያውም በቀጥታ ወደዚያው። እሱ መስከረም 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ከታምፓ በስተደቡብ በሳራሶታ በኩል ገባ። ታምፓ በማዕበሉ ሰሜናዊ ጎን ስለቀረች ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነፈሰባትና የወሽመጡ ውኃ ጭራሽ ሸሸ። ከባድ ዝናብና ነፋስ አልቀረላትም፣ ከባሕሩ ጎርፍ ግን ተረፈች። በሾጣጣው ብቻ የሚተኛና የሚነቃ ሰው በሄሊን ጊዜ ተኝቶ በሚልተን ጊዜ ነው የሚሞተው በድንጋጤ።

ስለዚህ እህትሽን «ማዕበሉ የት ደረሰ?» ከምትያት «የአንቺ ሰፈር የስንተኛ ፊደል ዞን ነው?» በያት። ፍሎሪዳ የባሕር ጎርፍ የሚያሰጋቸውን አካባቢዎች ከኤ ጀምሮ በፊደል ከፍላለች፤ ኤ ቀድሞ የሚወጣው ነው። የዞኗ ፊደል ተጠርቶ ውጡ ከተባለ ትውጣ። የሀሪኬኑ ምድብ (ከ1 እስከ 5 ያለው የጉልበት ደረጃ) 1 ነው 3 ነው እያላችሁ አትከራከሩ፤ ምድብ የሚለካው ነፋስን ብቻ ነው፣ ውኃው ደግሞ ምድብ አይጠይቅም። እና እባክሽ አንቺ ከዚህ ሆነሽ በየሰዓቱ አትደውይባት፤ መብራት ከጠፋ ባትሪው ያስፈልጋታል። አጭር መልእክት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የአየር ግፊት የሚለካ አፕ ጫንኩ። ቤቴ ሆኜ 790 ሚሊባር ይለኛል። ጃማይካን የመታችው ሜሊሳ እንኳ 892 ነበር የተባለው። ጎንደር ላይ ምን እየተካሄደ ነው? (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ምንም። ተራራ ላይ ነህ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ከላይህ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ያንሳል። የማዕበል ግፊት ሁልጊዜ የሚነገረው በባሕር ወለል ነው፤ እዚያ የተለመደው 1,013 አካባቢ ነው። አፑ ውስጥ «የባሕር ወለል» የሚል ምርጫ ካለ ንካው፣ ሰላም ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሀሪኬኖች የሚነሱት ከእኛ ተራሮች ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የጎንደሬ ኩራት? (ከአራዳ)

መልስ፦ ኩራት ብቻ አይደለም። «አንዳንዶቹ ሊነሱ ይችላሉ» ብንል ግን ለእውነቱ እንቀርባለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። በክረምት ሰሃራ ይግላል፣ ከሱ በስተደቡብ ያለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት በ3 እና በ4 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚፈስ ብርቱ ነፋስ ይፈጥራል። ይህ ነፋስ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይወዛወዛል። ውዝዋዜውን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ተራራ ላይ የሚፈነዳ ነጎድጓዳማ ደመና ነው፤ የዳርፉሩ ጀበል ማራና የእኛ ደጋ እዚህ ላይ ስማቸው ይነሳል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በረዶ አውርዶ፣ ቆርቆሮ አንጋግቶ ወደ መተማ የሚጓዘውን ደመና አስበው። ሞገዱ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን እያቋረጠ ከሳምንት በላይ ተጉዞ በሴኔጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። በየ3 እስከ 5 ቀኑ አንድ እየመጣ በዓመት ወደ 60 ይደርሳል።

አብዛኛው ከንቱ ይቀራል። ባሕሩ 26.5 ዲግሪ ያህል ካልሞቀለት፣ ከላይ ያለው ነፋስ ከበታተነው፣ ወይም የሰሃራ አቧራ ካደረቀው አለቀለት። የሚተርፈው ግን ቀላል አይደለም፤ ምድብ 3 እና ከዚያ በላይ ከሚደርሱት የአትላንቲክ ሀሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ ዘራቸው ከአፍሪካ ከሚወጡ ሞገዶች ነው።

ስም ጥራ ካልከኝ አልቤርቶን እጠራልሃለሁ። በሐምሌ 1992 (በፈረንጆች 2000) የተነሳ ነው። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን ወደ ኋላ እየተከተሉ መነሻውን ሲፈልጉ የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተፈጠረ የነጎድጓድ ደመና ዘንድ ደርሰዋል። አልቤርቶ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ውቅያኖሱ ላይ ሲዞር ከርሞ አንድም ሀገር ሳይመታ ጠፋ። ጨዋ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ሰኔ 24 ቀን 2016 ቤሪል ካሪያኩና ዩኒየን የተባሉትን ትንንሽ ደሴቶች በምድብ 4 ጉልበት አፈራርሳለች። ካርታ ላይ ጣትህን ጎንደር ላይ አድርገህ ወደ ግራ ቀጥ ብለህ ብትሄድ፣ አፍሪካን አልፈህ፣ ውቅያኖሱን አልፈህ የምትደርሰው እዚያው ነው፤ ኬክሮሳችን አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ለእኛ ደግሞ ሀሪኬኑ አይመጣብንም፤ ሞቃት ባሕር ከሌለ ነዳጅ የለውም። ከአትላንቲክ ይልቅ ለሀገራችን የሚቀርበው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው ማዕበል የኤደን ባሕረ ሰላጤን አቋርጦ ሶማሊላንድ ድረስ መግባቱን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «እማዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል» እያለ ሌሊት ስልክ ይዞ ያድራል። እኔ ሌላ ነገር ነው ብዬ ተሸበርኩ፣ ለካስ ነፋስ ነው። ዳታውስ ቢሆን በምን አቅሜ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ነፋስ ሆነ! የሌሊት 6ቱን ትቶ የንጋት 12ቱን ቢያይ የሚቀርበት ነገር የለም፤ ሌሊት የሆነው ሁሉ እዚያው ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ዳታውን የሚበላው የሳተላይት ቪዲዮ ነው። የሀሪኬን ማዕከሉ በጽሑፍ ብቻ የሚያወጣው መግለጫ አለ፣ ምንም ያህል አይፈጅም፤ እሱን ያንብብ፣ እንግሊዝኛውም ይሻሻልለታል። ቪዲዮውን ዋይፋይ ያለበት ሲሄድ ይየው። ደግነቱ ወቅቱ የሚጦፈው ጳጉሜ 5 አካባቢ ነው፣ ትምህርት ሳይከፈት። ኅዳር ጽዮን ላይ በይፋ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ይዞ ካደረ ያኔ ሌላ ነገር ነውና ይጻፉልን።