ካምፐሯን የትኛው መኪና ይጎትታት? መጀመሪያ ቁልቁለቱን እንይ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ፣ ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። አንችና ወንድምሽ ለቱሪስት የምታከራዩት ትንሽ ካምፐር አዘዞ አንድ በያጅ ጋር አሰርታችኋል፣ ሁለት ጎማ ያላት ሁለት ሰው የምታስተኛ ተሳቢ ናት፣ በያጁ ባዶዋን 6 ኩንታል ተኩል ብትመዝን ነው ብሏችኋል፣ የራሷ ፍሬን የላትም። ከጎንደር ጎርጎራ፣ ከጎንደር ደባርቅ ልታመላልሷት አስባችኋል። ለመጎተቻ ሶስት መኪና አይታችኋል፣ 2000 ሲሲ ቤንዚን አውቶማቲክ ራቭ ፎር፣ 5ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ደብል ካፕ ሃይሉክስ እና 1ኤችዜድ የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ረጅሙ ላንድክሩዘር። ጥያቄሽም «ጋሼ ከሶስቱ የኮሶዬን ዳገት የሚወጣልን የትኛው ነው» የሚል ነው፣ ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄጂ የምታገኝው ዳገት ነው።

ዳገቱንማ ሶስቱም ይወጡታል እህቴ። አንዱ እያቃሰተ ሌላው ሳይሰማው ይወጣል እንጅ መንገድ ላይ አይቀሩም። እኔ የምፈራላችሁ ስትመለሱ ነው።

አንድ ጊዜ ከዳባት ጀኔሬተር በተሳቢ ጭነን በፒካፕ እየጎተትን ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ፣ ተሳቢው ፍሬን የለውም፣ ክብደቱ ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ከኮሶዬ ወደ ጎንደር መውረድ ስንጀምር አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬን ነካ ነካ እያደረኩ ነው የምወርደው፣ እቃው ከኋላ ሲገፋኝ በወንበሩ ይሰማኛል። መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። ትንሽ ቆይቶ አንድ መታጠፊያ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደግሜ ስረግጥ ምንም የለም። ሶስተኛ ከዛ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ጎማውን አስገብቼ አቆምኩት። ረዳቱ ጎማው ሲጨስ አይቶ ውሃ ሊደፋበት ሲል ጮኬ ነው ያስቆምኩት፣ የጋለ ታምቡር (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካረፈበት ይሰነጠቃል። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን ፔዳሉን ብረግጠው ምንም እንዳልሆነ ጠንክሮ ተመልሷል።

ብዙ ሹፌር የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ፔዳሉ ሲመለስ ፍሬኑ ደህና ነው ብሎ ይነሳል። የሆነው ነገር የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጅ ጎማ አይዝም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ በሚቀጥለው ቁልቁለት ግን ያው ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ የሚጎትት መኪና ያለው ሰው ጋራዤ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርክ ብየ ነው፣ ብዙው ሰው መኪናውን ከገዛ ነክቶት አያውቅም። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ለእናንተማ በየዓመቱ ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ መኪና ከመምረጥሽ በፊት ካምፐሯን አስመዝኛት። በያጁ ያላችሁን 6 ኩንታል ተኩል እርሽው፣ እሱ የነገረሽ የብረቱንና የቆርቆሮውን ነው። 60 ሊትር ውሃ ስትሞሉባት 60 ኪሎ ነው፣ ጋዝ ሲሊንደሩ ከነብረቱ 25 ኪሎ ያልፋል፣ ባትሪው፣ ፍራሹ፣ ምድጃው፣ ወንበርና ጠረጴዛው፣ ትርፍ ጎማው፣ የእንግዶቹ ሻንጣ፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር እኔ በግምት 9 ኩንታል ነው የማያት። ግምቴን አትመኝው፣ የእህልና የሰሊጥ መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች የመኪና ሚዛን አላቸው፣ ልክ ለጉዞ እንደምትወጣ አድርገሽ ሙያትና ከመኪናው ፈትተሽ እሷን ብቻዋን አስመዝኝ። አውሮፓ ውስጥ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድለትም፣ ከሚጎትተው መኪና ክብደት ግማሽም መብለጥ የለበትም፣ እዛ ያለው አብዛኛው መንገድ ደሞ እንደ እኛ ቁልቁለት አይደለም። 9 ኩንታል ሆና ፍሬን ከሌላት በሶስቱም መኪና ቢሆን ደባርቅ አትውሰጃት፣ ላንድክሩዘርም ቢሆን።

እሽ አሁን ወደ መኪኖቹ።

ራቭ ፎሩን ተይው። ለከተማ፣ ለቤተሰብ ጥሩ መኪና ነው፣ አንድም ክፉ አልናገረውም፣ ግን ለዚህ ስራ አይሆንም። ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው፣ መጎተቻውን በደንብ የምታስሪበት ወፍራም ብረት ከስሩ አታገኝም። ክብደቱ ከ13 ኩንታል ብዙም አይዘልም፣ 9 ኩንታል ከኋላው ሲገፋው መሪው ይቀልበታል። ደሞ የጉልበቱን ነገር እይ፣ የሱ ሞተርና የሃይሉክሱ 5ኤል በወረቀት ሲታዩ የመጠምዘዝ ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም ከ190 እስከ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ግን ራቭ ፎሩ ያንን የሚያወጣው ሞተሩ ደቂቃ ውስጥ 4000 ዙር ሲዞር ነው፣ 5ኤሉ ግን 2400 አካባቢ ላይ ይሰጥሻል። ዳገት ላይ ልዩነቱ ይሄ ነው፣ አንዱ እየጮኸ ሌላው እየተራመደ ይወጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮው ደሞ ረጅም ዳገት ላይ ሲጎትት ዘይቱ ይግላል፣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ካልተጨመረለት እድሜው ያጥራል፣ ቁልቁለት ላይም በማርሽ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው።

ላንድክሩዘሩ ከሶስቱ አንደኛ ነው፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። 1ኤችዜድ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ነው፣ 285 ኒውተን ሜትር በ2200 ዙር ይሰጣል፣ መኪናው ራሱ ከ20 ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ካምፐሯ አታንገላታውም። ግን ዋጋውን አንችም አይተሽዋል፣ ናፍጣውን ይበላል፣ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያገለገለው ሁሉ ተወድዷል። ብድር ገብታችሁ የምትገዙት ከሆነ አልመክርሽም፣ ስራው ገና አልተጀመረም።

እኔ ሃይሉክሱን ነው የምልሽ። ፈጣን አይደለም፣ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሳሪያ) የለውም፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ፐርሰንት አካባቢ ይቀንሳል፣ ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ነን፣ ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው፣ ደባርቅ 2800 አካባቢ ስትደርሱ ከሩብ በላይ። በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ ትወጣላችሁ፣ ከኋላ ያለ ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋባችኋል፣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፣ በቃ። ግን ሻንሲ አለው፣ ባሌስትራ አለው፣ መለዋወጫው ጎንደር ውስጥ ሞልቷል፣ ጠጋኙም ብዙ ነው። አንዳንዱ ባለ 3 ሊትር ተርቦ ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ግዙ ሊላችሁ ይችላል፣ ጉልበቱ እውነት ነው ከላንድክሩዘሩም ይበልጣል፣ ከፍታም ብዙ አይጎዳውም፣ ግን የዚያ ሞተር ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም፣ እኛ ደሞ ማደያው ሲደርቅ በጀሪካን የምንገዛበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ ኖዝል ከተበላሸ የወጭው ነገር ስራችሁን ያስቆማል። 5ኤል ይችላል፣ ቻይ ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም አንስተሽ ነበር፣ ተሳቢ ሲጎትት ቻርጁ ቶሎ ይወርዳል፣ ፋብሪካው ለመጎተት ያልፈቀደውም ብዙ ነው፣ ደባርቅ ሄዶ ለመመለስ አሁን አልመርጠውም።

ሃይሉክሱን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስሩ ግቡ። ጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ያዥና ከካቢኑ ኋላና የኋላ ባሌስትራው የተሰቀለበት አካባቢ ሻንሲውን ፋቅ ፋቅ አድርጊው። ቀለሙ አዲስ ከሆነ ወይ ቆርቆሮ ተለጥፎ ከተበየደ ለምን ብለሽ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ነው ከስሩ ያለው፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ ላይ መጎተቻ አይታሰርም። ሞተሩን ደሞ ቆሞ ሲሰራ ሰምታችሁ እንዳትረኩ። አራት ሰው ጫኑና ኮሶዬ ድረስ አውጡት፣ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አይናችሁን ከሙቀት መለኪያው ላይ አታንሱ። ቀስቷ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረች ባለቤቱ ምንም ቢል ራዲያተሩ ወይ ውሃ ፓምፑ ወይ ከዚያ የባሰ ነገር አለው፣ ካምፐር ስትጨምሩበትማ የሞተሩን ጭንቅላት ሊሰነጥቀው ይችላል።

በላንድክሩዘሩና በሃይሉክሱ መሀል ካለው የዋጋ ልዩነት ትንሹን ቆርሰሽ ለካምፐሯ ፍሬን አሰሪላት። ሲገፋ የሚይዝ ፍሬን ማለት ነው፣ መኪናው ሲቀንስ ካምፐሯ ወደፊት ትገፋለች፣ ግፊቱ ከመሳቢያ ዘንጓ ጫፍ ላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይጫነዋል፣ እሱ ደሞ በዘንግ ወይ በገመድ የራሷን ጎማዎች ፍሬን ይስባል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ቀላል ነገር ነው። ታምቡር ያለው አክስል ከነጎማው ፈልጋችሁ አሁን ያለውን ቀይሩት፣ ይሄን የሚሰራው ሰው ግን ፍሬን የሚያውቅ መሆን አለበት፣ በያጅ ብቻውን አይሰራውም። ተላቃ ብትሄድ ፍሬኗን ስቦ የሚያቆማት ቀጭን ገመድ አብሮ ይግባላት። ሁለት ሰንሰለትም ከመሳቢያ ዘንጓ ስር አቆላልፋችሁ እሰሩ፣ ማያያዣው ቢወልቅ ዘንጉ አስፋልት ላይ ሳይወድቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

መጎተቻው ፓራውልት ላይ እንዳይበየድ አደራ። በቦሎን ሻንሲው ላይ ግራና ቀኝ ይታሰር። የመጎተቻው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነች የካምፐሯ ማያያዣም ያው 50 መሆን አለበት፣ ትንሽ ከላላ ጉድጓድ ላይ ትዘላለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ማንም የማይነግራችሁ ስለሆነ ልብ በሉት። ካምፐሯ መሳቢያ ዘንጓን መኪናው ላይ ስትጥል ከጠቅላላ ክብደቷ ከአስር አንዱን ያህል መጫን አለባት፣ 9 ኩንታል ከሆነች 90 ኪሎ አካባቢ። እንዴት ይለካል፣ ሱቅ ያለ የእህል ሚዛን አምጡ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፉ፣ ልክ መኪናው ላይ ስትሆን ባላት ከፍታ ሚዛኑ ላይ ወፍራም እንጨት አቁማችሁ የዘንጓን ጫፍ አሳርፉበት። 30 ኪሎ ካነበበ ኋላዋ ከብዷል፣ እንዲህ ያለች ተሳቢ ቁልቁለት ላይ እንደ እባብ ትሄዳለች፣ መኪናውንም ይዛው ትዞራለች። የውሃ በርሜሉን አክስሏ ላይ ወይ ትንሽ ወደፊት አድርጉት፣ ከአልጋው ኋላ ሻንጣ አትከምሩ። 90 ኪሎዋ ደሞ ሃይሉክሱ ከሚሸከመው ላይ ትቆጠራለች፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅም ስታሰሉ ሰውና እቃ ብቻ አይምሰላችሁ። መንገድ ላይ መወዛወዝ ከጀመረች ወንድምሽ ነዳጁን ይልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አርጎ ይያዝ፣ ፍሬን አጥብቆ አይርገጥ፣ ነዳጅ ሰጥቶ ላምልጥም አይበል።

የምትወርጅበት ማርሽ የወጣሽበት ማርሽ ነው፣ ኮሶዬን በሁለተኛ ከወጣችሁ በሁለተኛ ውረዱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ፣ ከጀመረ በኋላ ማርሽ ፍለጋ አይሆንም። ወደ ጎርጎራ ያለው ይቀላል፣ 60 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፣ ቁልቁለቱም ለስለስ ያለ ነው፣ ግን ክረምት ላይ ከመንገድ ወጥታችሁ ሐይቅ ዳር ልትተክሏት ካሰባችሁ የደምቢያ መረሬ መኪናውንም እሷንም ይውጣቸዋል፣ ጥቅምት እስኪገባና መሬቱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ደባርቅ ላይ ካምፐሯን ከተማው ውስጥ ትታችሁ እንግዶቹን በመኪናው ብቻ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ አስገቡ። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ደሞ እንግዳው ምን ቢለምን ይዛችኋት አትውረዱ።

ፍሬቻና እስቶፕ መብራቷን በራሷ ነጌቲቭ ገመድ አሰሩ፣ ኳሷን እንደ ነጌቲቭ ከተጠቀማችሁ አቧራ ሲገባ ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ይበራል። ታርጋዋንና የወንድምሽን መንጃ ፈቃድ በተመለከተ ለመንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ሃይሉክሱን ልታዩት ስትሄዱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ፣ ባለቤቱ አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ። ኮሶዬ ወጥታችሁ ስትመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ ጋራዥ አምጡት፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ የዘይት መክደኛውን ከፍቼ ጭሱን ልየው።